ያገለገለ ፖርሸ ታይካን ሊገዙ ሲሉ የባትሪውን ድካም የሚመረምሩበት ዝርዝር መመሪያ

አንድ የቅርብ ወዳጄ በቨርጂኒያ ያገለገለ ፖርሸ ታይካን፣ ማለትም የፖርሸን የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና፣ ሊገዛ በሄደበት ቅዳሜ ረፋድ አብሬው ነበርኩ። ግቢው ውስጥ ሁለት የ2021 ሞዴል 4ኤስ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ነጩ 19,000 ማይል፣ ግራጫው 46,000 ማይል ሄደዋል። የዋጋቸው ልዩነት ቀላል አልነበረም፤ ሻጩም «ማይሉን ማየት ነው» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ዘጋው። ሁለት ቀን ስንለካ ውለን ያገኘነው ውጤት ግን ከሻጩ ሒሳብ ተቃራኒ ስለነበረ፣ የሄድንበትን መንገድ ከነምክንያቱ በቅደም ተከተል ማስፈር ለሌላ ገዢ ይጠቅማል ብዬ አስቤያለሁ። መመሪያው ከ2020 እስከ 2024 ሞዴል ያሉትን ታይካኖች የሚመለከት ነው፤ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ባትሪው ስለተቀየረ ከታች ያሉት ቁጥሮች ለእነዚያ አይሠሩም።

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባታችን በፊት ባትሪ ለምን እንደሚደክም መረዳት ያስፈልጋል፤ ይህን ያልተረዳ ገዢ የሚያነበውን ቁጥር ትርጉም ሊሰጠው አይችልም። የታይካን ባትሪ ሊቲየም አዮን ነው። ቻርጅ በተደረገ ቁጥር የሊቲየም ቅንጣቶች በባትሪው አንድ ወገን ወዳለው ግራፋይት ይገባሉ፤ መኪናው ሲነዳ ደግሞ ይመለሳሉ። በዚህ ምልልስ በግራፋይቱ ገጽ ላይ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እያደር እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ያለ ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ሽፋኑ ውስጥ ተይዞ የቀረ ሊቲየም ደግሞ ዳግመኛ ኃይል አይሸከምም። ሽፋኑ መኪናው ቆሞም ቢሆን ማደጉን አያቆምም። እድገቱን የሚያፋጥኑት ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሙቀት፣ ሁለተኛው ባትሪው ሞልቶ ረጅም ጊዜ መቆየቱ ነው። በመሆኑም በፊኒክስ ወይም በዱባይ ፀሐይ ላይ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ሲቆም የከረመ መኪና፣ ብዙም ሳይነዳ፣ በቀዝቃዛ ከተማ ጋራዥ ውስጥ አድሮ በየቀኑ ከተነዳ መኪና በላይ ሊደክም ይችላል። ድካሙም በየዓመቱ እኩል አይደለም፤ በመጀመሪያው ዓመት ፈጠን ብሎ ይወርድና ከዚያ በኋላ ይረጋጋል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት በመቶዎች ማጣት በሽታ ሳይሆን የተለመደ ሂደት ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ የትኛው ባትሪ እንደተገጠመ ማረጋገጥ

ታይካን በሁለት ዓይነት ባትሪ ተሸጧል። ትንሹ በጠቅላላ 79.2 ኪሎዋት ሰዓት ሲይዝ አሽከርካሪው የሚጠቀምበት 71 ያህሉን ነው፤ «ፐርፎርማንስ ባትሪ ፕላስ» የሚባለው ትልቁ 93.4 ይይዝና 83.7ቱን ለአሽከርካሪው ይሰጣል። ቀሪው ኃይል ባትሪውን ለመጠበቅ በሶፍትዌር የተቆለፈ ነው። ተርቦ፣ ተርቦ ኤስ፣ ጂቲኤስ እና ክሮስ ቱሪስሞ ሞዴሎች ትልቁን ይዘው የሚመጡ ሲሆን፣ በመነሻው ሞዴልና በ4ኤስ ላይ ግን ትልቁ ባትሪ በተጨማሪ ክፍያ የሚመረጥ ነበር። ስለዚህ ሻጩ የተናገረውን ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ መኪናው አዲስ ሲሸጥ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ወይም በሻንሲ ቁጥሩ ከአከፋፋዩ የሚወጣውን የምርጫ ዝርዝር ይጠይቁ። ይህ ካልተረጋገጠ የሚቀጥለው ሒሳብ ሁሉ ይበላሻል፤ ትንሹን ባትሪ በትልቁ ሚዛን የለካ ሰው ጤነኛውን መኪና 15 በመቶ የደከመ አድርጎ ይፈርድበታል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ወረቀቱን ማንበብ

በአሜሪካ የታይካን ባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ዋስትናውን ይዘጋዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የባትሪው አቅም ከ70 በመቶ በታች ከወረደ አምራቹ ኃላፊነት ይወስዳል። ቆጠራው የሚጀምረው መኪናው ለመጀመሪያው ባለቤት ከተሰጠበት ወይም አገልግሎት ላይ ከዋለበት ቀን ነው። በ2021 ሞዴልነት ተመዝግቦ በ2020 መጨረሻ መንገድ ላይ የወጣ መኪና ስላለ ትክክለኛውን ቀን ከአከፋፋዩ መዝገብ ይውሰዱ። ስለ 70 በመቶው ገደብም ራስዎን አያታልሉ፤ በሰባተኛው ዓመት 72 በመቶ ላይ የተገኘ ባትሪ በዋስትናው ዓይን ጤነኛ ነው። በእኔ አስተያየት የዋስትናው ትልቁ ጥቅም የዝግታውን ድካም መካስ ሳይሆን፣ አንድ ሞጁል፣ ማለትም ባትሪው ከተገነባባቸው ክፍሎች አንዱ፣ በድንገት ቢበላሽ ከሚመጣው ከባድ ወጪ መጠበቁ ነው።

ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥሩን የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ያልተፈጸመ የእርማት ጥሪ መኖሩን ይመልከቱ። በ2024 ፖርሸ ከ2020 እስከ 2024 ሞዴል ካሉት ታይካኖች የተወሰኑትን በባትሪው ውስጥ ሾርት ሊፈጠር ይችላል በሚል ሥጋት የጠራ ሲሆን፣ እርማቱ እስኪደረግ ድረስ ባለቤቶች ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞሉ ተመክረው ነበር። ጥሪው ካልተዘጋ ሻጩ ከርክክብ በፊት እንዲያስፈጽም ይጠይቁ፤ ሞጁል ተቀይሮ ከሆነም የትኛው፣ መቼና ለምን እንደተቀየረ የሥራ ደረሰኙን ይዩ። የተቀየረ ሞጁል በራሱ አያስፈራም፤ ባትሪው በሞጁል ደረጃ እንዲጠገን ሆኖ የተሠራ ነው።

ስለ ቀድሞው ባለቤት የቻርጅ ልማድም መጠየቅ አለብዎት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አዲስ ታይካን የገዛ ሰው በኤሌክትሪፋይ አሜሪካ የፈጣን ቻርጅ ጣቢያዎች ለሦስት ዓመት ግማሽ ግማሽ ሰዓት በነፃ የመሙላት መብት ይሰጠው ነበር። ነፃ ነገር ደግሞ ሰውን ይስባል፤ ቤቱ ቻርጀር ሳያስገጥም ሦስቱን ዓመት በፈጣን ጣቢያ ብቻ የኖረ ባለቤት ጥቂት አይደለም። ፈጣን ቻርጅ፣ በተለይ ባትሪው በቅዝቃዜ ላይ ሳለ ሲደጋገም፣ የራሱ ጫና አለው። መኪናው ባትሪውን ቀድሞ የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት ስላለው ይህ ብቻውን መኪናውን ከመግዛት አያስቀርም፤ ነገር ግን የሚለካው ቁጥር ዝቅ ብሎ ቢገኝ ምክንያቱን ያስረዳል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ፍሬኑንና ሆዱን ማየት

የስፖርት መኪና ገዢ ከሌላው የኤሌክትሪክ መኪና ገዢ የሚለይበት ጥያቄ «ይህ መኪና ውድድር ሜዳ ላይ ተነድቷል ወይ?» የሚለው ነው። አልፎ አልፎ በኃይል መነሳት ባትሪውን ብዙም አይጎዳውም። ተደጋግሞ በሙሉ ኃይል መነዳትና ገና ሳይቀዘቅዝ ወዲያው በፈጣን ቻርጀር መሞላት ግን ሴሎቹን፣ ማለትም ባትሪው የተሠራባቸውን ትናንሽ ክፍሎች፣ በሙቀት ላይ ሙቀት ያሸክማቸዋል። ሻጭ ይህን በፈቃዱ አይናገርም፤ ፍሬኑ ግን ይናገራል። ታይካን ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው ሞተሩን ወደ ጄኔሬተርነት በመለወጥ ስለሆነ፣ በዕለት ተዕለት አነዳድ ከ10 ፍሬን 9ኙ ያህል ሸራውን ሳይነካ ያልፋል። በመሆኑም በ20,000 ማይል ዲስኩ ጠርዙ ላይ ጉልህ ከንፈር ካወጣ፣ ገጹ በቀጫጭን ስንጥቆች ከተሸፈነ ወይም ከሙቀት የተነሳ ሰማያዊ ከመሰለ፣ ያ መኪና ገበያ ሲላክ የኖረ አይደለም። በቸርኬው ክፍተት በኩል የእጅ ባትሪ አብርተው በጣትዎ ጠርዙን ይዳስሱ። የነጩ መኪና ዲስክ እንደ አዲስ ለስላሳ ስለነበር ከዚህ ጥርጣሬ ነፃ ሆነ።

ከዚያም መኪናው በሊፍት እንዲነሳ ያድርጉ። ባትሪው ወለሉ ውስጥ ተዘርግቶ ስለሚገኝና መኪናው ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ከሥር ያለው መከላከያ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ግዢውን እዚያው ያቁሙ። ጭረት ብቻ ከሆነ ግድ የለም።

አራተኛ ደረጃ፦ ኮምፒውተሩ የሚለውን ማስነበብ

በባለሙያዎች ዘንድ ኤስ ኦ ኤች ተብሎ የሚጠራውን የባትሪ ጤንነት መጠን የፖርሸ አከፋፋይ በራሱ መመርመሪያ ማንበብ ይችላል፤ ለቅድመ ግዢ ምርመራ ሲከፍሉ ይህ ቁጥር በጽሑፍ እንዲሰጥዎ አስቀድመው ይስማሙ። «ባትሪው ጥሩ ነው» የሚል የቃል መልስ አይቀበሉ። አውሮፓ ለሚኖሩ እንደ ኦስትሪያው አቪሎ ያሉ ከአምራቹ ነፃ የሆኑ መርማሪዎችም አሉ።

ከአማካዩ ቁጥር በላይ እኔ የምፈልገው የሴሎቹን ልዩነት ነው። ትልቁ ባትሪ 396 ሴሎች ሲኖሩት፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ 198 ጥንዶች በተከታታይ ተያይዘዋል። በአንድ ገመድ ታስረው እንደሚጓዙ በቅሎዎች፣ የሁሉም እርምጃ የሚወሰነው በደካማዋ ነው፤ አንድ ጥንድ ቀድሞ ባዶ ከሆነ የተቀሩት 197 ኃይል ቢኖራቸውም መኪናው ይቆማል። ስለዚህ ከፍተኛውና ዝቅተኛው የሴል ቮልቴጅ እንዲነበብልዎ ይጠይቁ። መኪናው አርፎ ሳለ በጤነኛ ባትሪ ውስጥ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ሊሆን ይገባል። ንባቡ ባትሪው ዝቅ ባለበት ሰዓት፣ ለምሳሌ 15 በመቶ አካባቢ ቢደረግ ይመረጣል፤ የተደበቀ ድክመት የሚገለጠው ሊያልቅ ሲል ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ በራስዎ መንዳትና መለካት

ይህ ደረጃ ረጅም ነው፤ ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ መኪና መፈለግ ይሻላል እስከማለት እደርሳለሁ። በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናስወግድ። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው «ቀሪ ርቀት» የባትሪው ጤንነት ማሳያ አይደለም፤ ቁጥሩ ያለፈው አሽከርካሪ እንዴት እንደነዳ፣ የአየሩን ጠባይና ማሞቂያው መብራት አለመብራቱን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። የአሜሪካ መንግሥት ይፋ የርቀት ቁጥርም ቢሆን ለማነጻጸሪያ አይረዳም፤ በ2020 ለተርቦው የተሰጠው 201 ማይል ብቻ ሲሆን ብዙ ባለቤቶች ከዚያ በላይ ይጓዛሉ። በይፋው ቁጥር የሚለካ ገዢ የደከመውን ባትሪ «አዲስ ነው» ብሎ ሊገዛ ይችላል።

የሚለካው የኃይል መጠን ነው። የአየሩ ሙቀት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን መኪናው ከ90 በመቶ ትንሽ አልፎ ተሞልቶ ይጠብቅዎ። መለኪያውን ወደ ኪሎሜትር ይቀይሩት፤ አማካይ ፍጆታው በየ100 ኪሎሜትሩ በኪሎዋት ሰዓት ሲታይ ስሌቱ ቀላልና ይበልጥ የጠራ ይሆናል። የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ ያድርጉ፤ ሙሌቱ ከ91 ወደ 90 የተቀየረበትን ቅጽበት መነሻ ቢያደርጉት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ከዚያ በአውራ ጎዳና በእኩል ፍጥነት፣ ሳይቆሙ፣ ሙሌቱ 20 በመቶ እስኪደርስ ይንዱ።

የግራጫው መኪና ልኬት እነሆ። ከ90 ወደ 20 እስክትወርድ 212 ኪሎሜትር ተጓዝን፤ አማካይ ፍጆታው 25.9 ሆነ። 212ን በ25.9 አባዝተን ለ100 ስናካፍል 54.9 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ይህ የባትሪው 70 በመቶ ነውና 54.9ን ለ0.70 ስናካፍል 78.4 ይሆናል። መኪናው አዲስ ሳለ 83.7 ይሰጥ ስለነበር የቀረው አቅም 93.7 በመቶ ነው ማለት ነው። በማግስቱ በዚያው መንገድ የተነዳው ነጩ መኪና ደግሞ 199 ኪሎሜትር ሄዶ በ26.0 ፍጆታ 51.7 ተጠቀመ፤ ሙሉው 73.9፣ ማለትም 88.3 በመቶ። ሰነዱን ስናገላብጥ መኪናው አብዛኛውን ዕድሜውን በአሪዞና እንደኖረ አገኘን፤ ባለቤቱ ሁለተኛ መኪና ስለነበረው ታይካኑ ደጅ ላይ ተሰክቶ ቆሞ ይውል ነበር።

የዚህ ልኬት ስሕተት ሁለት ሦስት በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ 93ን ከ94 ለመለየት አይጠቅምም፤ 88ን ከ94 ለመለየት ግን ይበቃል። ጉዞው ባጠረ ቁጥር ስሕተቱ ይሰፋል፤ ከ60 ወደ 40 ብቻ ቢነዱ የአንድ በመቶ ልዩነት ውጤቱን በአምስት በመቶ ያዛባዋል። ውጤቱን ከአከፋፋዩ ቁጥር ጋር ያመሳክሩ፤ ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ሌላ ቀን ደግመው ይለኩ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በፈጣን ቻርጀር መፈተን

ጉዞውን የሚጨርሱበት ቦታ ፈጣን ጣቢያ ቢሆን ጊዜ ይቆጥባሉ። ጣቢያውን በመኪናው አሰሳ ላይ መድረሻ አድርገው ይምረጡት፤ መኪናው ባትሪውን ቀድሞ የሚያሞቀው ይህን ሲያውቅ ነው። ቻርጀሩ 800 ቮልት የሚሰጥና 350 ኪሎዋት የተጻፈበት መሆን አለበት፤ በ400 ቮልት ጣቢያ ላይ ታይካን እንደተገጠመለት መሣሪያ ከ50 ወይም ከ150 ኪሎዋት አያልፍም፤ ያንን አይቶ ባትሪው ታሟል ማለት ስሕተት ነው። ትልቁ ባትሪ በሚገባ ሞቆ 10 በመቶ አካባቢ ሲሰካ እስከ 270 ኪሎዋት፣ ትንሹ እስከ 225 ኪሎዋት ሊቀበል የተሠራ ነው። በ20 በመቶ ሰክተው ከ200 በላይ ለጥቂት ደቂቃ ከያዘ ይበቃል። በመቶ ቤት መግባት ካቃተው አስቀድሞ ሌላ ማሽን ላይ ይሞክሩ፤ በአሜሪካ ጣቢያዎች ላይ ጥፋቱ የማሽኑ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለተኛውም ላይ ከደገመው የባትሪ ማሞቂያው ወይም ማቀዝቀዣው እንዲመረመር ያድርጉ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ቁጥሩን ወደ ዋጋ መለወጥ

እኔ ብገዛ፣ ሦስትና አራት ዓመት ላገለገለ መኪና ከ92 በመቶ በላይ ያለውን ያለ ድርድር ጥያቄ እቀበላለሁ፤ ከ85 እስከ 92 ያለውን ዋጋ አስቀንሼ እወስዳለሁ፤ ከ85 በታች የሆነውን ግን ምክንያቱ በሰነድ ካልተብራራ እተወዋለሁ። የሴሎቹ ልዩነት ትልቅ ሆኖ ከተገኘ አማካዩ ቁጥር ጥሩ ቢሆንም አልገዛም፤ ዋስትናው ገና ብዙ ዓመት ካለውና ጉዳዩ በአከፋፋዩ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ብቻ እንደገና አስብበታለሁ። ሻጩ «ሁሉም ባትሪ ይደክማል» ሲል እውነቱን ነው፤ ማይል ያነሰ ስለሆነ ብቻ ተጨማሪ ዋጋ መጠየቁ ግን በዚሁ በራሱ ቃል ይፈርሳል።

መኪናውን ወደ አዲስ አበባ የመላክ ሐሳብ ያለዎት እንደሆነ ሌላ ስሌት ይጨመራል። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ የዳያስፖራ ገዢ በዝቷል። የከተማዋ አየር ለባትሪ የሚስማማ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የአሜሪካው ታይካን ሶኬት በአገር ቤት በብዛት ከሚገኙት የቻይና መኪኖች ሶኬት የተለየ ስለሆነ ፈጣን ቻርጀር ላይ መቸገር ይመጣል፤ ቤት ውስጥ በ220 ቮልትና በ32 አምፔር ሲሞላም ትልቁ ባትሪ ከባዶ እስከ ሙሉ 12 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የአሜሪካው ዋስትና ተከትሎ የማይሄድ መሆኑና የ800 ቮልት ባትሪ ከፍቶ የሚጠግን የሠለጠነ ባለሙያ ጉዳይ ነው። ይህን አስቀድመው ሳያረጋግጡ መርከብ ላይ አይጫኑት።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ከገዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሳምንት

ወዳጄ ግራጫውን ወሰደ፤ የእርማት ጥሪው ከርክክብ በፊት ተፈጽሞ ደረሰኙ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ አስደረገ። በመጀመሪያው ምሽት የቤቱን ቻርጅ ገደብ 80 በመቶ ላይ አደረገው፤ ረጅም ጉዞ ካለ ብቻ፣ ያውም ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው እንዲሞላ ሰዓቱን አስተካከለ። በዳሽቦርዱ ሥር ባለው የዕቃ ሳጥን ውስጥም አንድ ትንሽ ደብተር አስቀመጠ፤ በየስድስት ወሩ በዚያው መንገድ፣ በተቀራራቢ የአየር ሙቀት፣ ከ90 ወደ 20 እየነዳ ውጤቱን ሊመዘግብበት። የመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው ቀኑ፣ «19 ዲግሪ»፣ «212 ኪሎሜትር» እና «78.4» የሚል ነው።